ስለ ኮይን ጠይቁኝ
ለአንድሮይድ አፕ ኮይን የሚባለውን ቀለል ያለ የዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ፍሬምወርክ የምትጠቀሙ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣውን ሁሉ እንዳመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ሲባል ገና ስሙ ያስፈራኛል። ባጭሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከስሙ ሌላ የሚያስፈራ ነገር የለውም። አንድ ክላስ የሚያስፈልገውን ነገር ራሱ ከሚፈጥር በኮንስትራክተሩ (ክላሱ ሲፈጠር በሚጠራው ኮድ) በኩል ተሠርቶ ይሰጠው ነው ነገሩ። ቪውሞዴሉ (የገጹን ዳታ የሚይዘው ክላስ) ሪፖዚተሪ፣ ማለትም ዳታ የሚያመጣለት ክላስ ይፈልጋል። ሪፖዚተሪው ደግሞ ዳታቤዝ ይፈልጋል። ይህን ሰንሰለት በየገጹ በእጅ መቀጠል ያሰለቻል፤ ኮይን የሚቀጥልልህ እሱን ነው። ቴስት ስትጽፍ ደግሞ በእውነተኛው ዳታቤዝ ፋንታ የውሸቱን ታቀብለዋለህ።

ጥያቄ፦ ሂልት እያለ ኮይን ለምን?

መልስ፦ ጉግል በ2020 ያስተዋወቀው ሂልት የተሠራው ዳገር በሚባል ሌላ የዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ፍሬምወርክ ላይ ነው። ቢልድ ሲደረግ ኮድ ያመነጫል። የጎደለ ነገር ካለ ቢልዱ አያልፍም። መሠረታዊው ኮይን ግን ምንም ኮድ አያመነጭም። ሞጁል ከፍተህ ምኑ እንዴት እንደሚፈጠር በተራ ኮትሊን ትጽፋለህ፣ አለቀ። ኮዱን ከአይኦኤስ ጋር የምትጋራ ከሆነ ደግሞ ሂልት ከአንድሮይድ አይወጣም፤ ኮይን ይወጣል። ቅለቱ ግን በነጻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ጥያቄ እዩ።

ጥያቄ፦ ቢልዱ ያልፋል፣ አፑም ይከፈታል። አንድ ገጽ ስነካ ግን ክራሽ ያደርጋል። ሎጉ ዴፊኒሽን አልተገኘም ይላል።

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ፤ ሁላችንም በዚህ አልፈናል። ኮይን የሚፈልገውን የሚያፈላልገው አፑ እየሠራ ሳለ ነው። ስለዚህ የረሳኸውን ነገር የምታውቀው ገጹ ሲከፈት ነው። እኔ አንዴ ማንም የማይከፍተው የሴቲንግ ገጽ ላይ አንድ ክላስ ሳልመዘግብ ለቅቄ፣ የነገረኝ ተጠቃሚ ነው።

መጀመሪያ ይህን እይ፦ የመዘገብከው ክላሱን ነው ወይስ ኢንተርፌሱን (ክላሱ የሚያሟላውን ውል)? ክላሱን ብቻ መዝግበህ ኢንተርፌሱን ከጠየቅህ ኮይን አያገናኛቸውም። ባይንድ ብለህ ራስህ ማሰር አለብህ።

ከዚያ ቬሪፋይ የሚባለውን ፋንክሽን በዩኒት ቴስት ውስጥ ጥራ። የኮንስትራክተሮቹን ፓራሜትሮች አይቶ ያልተመዘገበውን ይነግርሃል። እንደ ኮንቴክስት ያሉ ከውጭ፣ ከአንድሮይድ የሚመጡትን ግን ለይተህ ንገረው፣ አለዚያ በከንቱ ይጮኻል። አንድ ወጥመድም አለ። ሲንግል ላይ (አንዴ ብቻ የሚፈጠር ነገር የሚመዘገብበት ነው) ዓይነቱን ኢንተርፌስ ብለህ ከጻፍክ፣ ኢንተርፌስ ኮንስትራክተር ስለሌለው ከጀርባው ያለው ክላስ ሳይፈተሽ ያልፋል። ክላሱን በስሙ መዝግበህ ባይንድ ማድረግ ይሻላል። ያለዚህ ቴስት ኮይንን ፕሮዳክሽን ላይ ባታወጣው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሲንግልና ፋክቶሪ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ ሲንግል አንዴ ይፈጥርና ያንኑ ለሁሉም ይሰጣል። ፋክቶሪ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ይፈጥራል። ዳታቤዝ ሲንግል ነው። አክቲቪቲ (አንድሮይድ የሚከፍተውን ገጽ) የያዘ ነገር ግን ሲንግል አታድርጉ፤ ገጹ ተዘግቶም ሜሞሪ ላይ ተጎልቶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በየክላሱ ኮይንኮምፖኔንትን (ክላሱ ራሱ ከኮይን እንዲጠይቅ የሚያስችለውን ኢንተርፌስ) እያስገባሁ ውስጡ ኢንጀክት እላለሁ። ባልደረባዬ ተው አለኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ባልደረባህ። ክላሱ ምን እንደሚፈልግ ከኮንስትራክተሩ መነበብ አለበት። አንተ ግን ክላሱ ሆድ ውስጥ ደበቅኸው። በዚያ ላይ አሁን ሁሉም ክላስ ኮይንን ያውቃል፤ ነገ ፍሬምወርክ ልቀይር ብትል ጣጣ ነው። ቬሪፋይም አያየውም። ኢንጀክትን አንድሮይድ ራሱ ለሚፈጥራቸው፣ ለአክቲቪቲና ለሰርቪስ ብቻ ተውለት።

ጥያቄ፦ ቴስቶቼን አንድ ላይ ሳስሮጥ ኮይን ቀድሞ ተጀምሯል ይለኛል። አንድ በአንድ ግን ይሠራሉ።

መልስ፦ ከእያንዳንዱ ቴስት በኋላ ስቶፕኮይን በል።

ጥያቄ፦ ሦስት ገጽ ብቻ ላለው አፕስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አይመስለኝም። ሁሉንም ነገር የሚፈጥር አንድ ክላስ በእጅህ ጻፍና አፕሊኬሽን ክላሱ ላይ አስቀምጠው። ኮንስትራክተሮችህ ንጹህ ከሆኑ ኮይንን በኋላ ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።