አንድ መድኃኒት ሳንባውን ሁሉ እኩል ለምን አያጠብብም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የብቸና መምህር ነኝ። ጤፍ በተወቃ ቁጥር ደረቴ ይታፈናል። አዲስ አበባ ሄጄ ሜታኮሊን የሚባል መድኃኒት በትንፋሽ አስገብተው መረመሩኝ። ትንፋሼ ከ20 በመቶ በላይ ወረደና «አስም ነው» አሉኝ። ሐኪሟ ስታዳምጠኝ ግን ሲርሲርታው በቀኝ በኩል ባሰ። መድኃኒቱ የገባው በአንድ አፍ አይደል? ቀኝ ሳንባዬ ብቻውን ታሞ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ በዚህ ብቻ ቀኙ ታሟል አይባልም። ሜታኮሊን የአየር ቧንቧዎችን ጡንቻ ያኮማትራል። ያ 20 በመቶ የተለካው በመጀመሪያዋ ሰከንድ በኃይል ካስወጡት አየር ነው። የሁሉም ቧንቧ ድምር ስለሆነ የትኛው እንደጠበበ አይናገርም።

ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ መድኃኒት ለአስም ሕሙማን ሰጥተው ሳንባቸውን በፔት ስካን (አየር የት የት እንደደረሰ በሚያሳይ የምስል ምርመራ) አይተዋል። ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ሳንባው ዝንጉርጉር ነበር፤ ሰፊ ቦታ አየር ሲያጣ አጠገቡ ያለው ደህና ይተነፍሳል። በኮምፒውተር ሲያሰሉትም ጡንቻው ከሞላ ጎደል እኩል ተኮማትሮ እንኳ ያው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቧንቧውን ወጥሮ የሚይዘው ዙሪያውን ያለው የሳንባ ሥጋ ነው፤ ልክ የድንኳን ገመድ። አንድ ቧንቧ ትንሽ ሲጠብ ከሱ ወዲያ ያለው ክፍል አየር ያንሰዋል። ሲያንሰው ውጥረቱ ይላላል። ሲላላ ቧንቧው ይብሱን ይጠባል። አየሩም ወደ ጎረቤት ይሄድና እዚያ ያለውን ይከፍታል። «ላለው ይጨመርለታል» ሳንባ ውስጥም ይሠራል! ሒሳብ የሚያስተምሩ ከሆነ ደግሞ ይቺን ለተማሪዎችዎ ይስጧቸው፦ አየሩ በእርጋታ የሚፈስ ከሆነ የቧንቧው ውስጣዊ ወርድ (ዲያሜትር) በግማሽ ሲቀንስ መንገዱ 16 እጥፍ ይከብዳል።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ፓፍ (በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት) የሚደርሰው አየር የሚደርስበት ነው፤ የተዘጋው ክፍል መጀመሪያ ላይ ብዙ አያገኝም። ስለዚህ ሁለቱን ፓፍ አከታትለው አይንፉ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ስፔሰር (በፓፉና በአፍዎ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ) ካገኙ ይጠቀሙበት። በየቀኑ የሚነፋ መከላከያ ታዞልዎት ከሆነ ደህና ሲሆኑም አያቋርጡት። አውድማ ላይ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቁሙ፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ሲርሲርታው ያለ ምርመራውም ሁልጊዜ እዚያው ቀኝ ላይ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይ ደም የቀላቀለ ሳል ካለ፣ ወይ ከከሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደብረ ማርቆስ ወርደው ራጅ ይነሱ፤ አክታዎም ለቲቢ ይመርመር።