ስልኩ የሚያውቀው ልጅዎን ሳይሆን እርስዎን ነው

ጥያቄ፦ አዳማ የምኖር እናት ነኝ። የ9 ዓመት ወንድና የ13 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ቤታችን ዋይፋይ አለ። አሮጌ አንድሮይድ ስልኬን ለታናሹ ሰጥቼው ነበር። ሰሞኑን የብልግና ቪዲዮ ይዞ መጥቶ «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። እንዲህ ያለውን ይዘጋል የተባለ መተግበሪያ ሱቅ ከፍዬ አስጭኜለት ነበር። ለምን አልሠራም? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ራሱ አምጥቶ ማሳየቱ መልካም ነውና ስልኩን በቁጣ አይንጠቁት፤ ሁለተኛ አያሳይዎትም። መተግበሪያውን ግን ዛሬውኑ ያጥፉት። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የተደራሽነት (Accessibility) ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ያንን ያገኘ መተግበሪያ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየውንና የሚጻፈውን ማንበብ ይችላል። ሠሪው ለማይታወቅ ነገር የልጅ ስልክ አይሰጥም።

ዋናው ችግር ሌላ ይመስለኛል። እዚያው አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ወዳለው የስልክ መጠገኛዬ ከሚመጡ የልጆች ስልኮች አብዛኞቹ የወላጅ የጉግል አካውንት እንደተከፈተባቸው ናቸው። እንዲህ ሲሆን ጉግልም ዩቲዩብም ስልኩን የያዘው አዋቂ ነው ብለው ያስተናግዱታል፤ ፕሌይ ስቶርም ማንንም ሳያስፈቅድ ያወርዳል።

ስለዚህ ፎቶዎችዎን ገልብጠው ሲጨርሱ ስልኩን ከነአካቴው ያጽዱት። ይህን ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ያድርጉ እንጂ የድምፅና የማብሪያ ቁልፎችን አንድ ላይ በመጫን አይሁን፤ በዚያ መንገድ የጸዳ ስልክ ሲነሳ የቀድሞውን አካውንት ይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ደግሞ ገንዘብ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ከዚያ ለልጁ በትክክለኛ የልደት ቀኑ የራሱን አካውንት ይክፈቱለትና በእርስዎ ስልክ ላይ ፋሚሊ ሊንክ የተባለውን የጉግል የወላጆች መቆጣጠሪያ መተግበሪያ ይጫኑ። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የፍለጋ ማጣሪያው በርቶ ይጠብቃል፤ ክሮምም ነውረኛ ገጾችን ለመዝጋት ይሞክራል፤ አዲስ መተግበሪያ ሊጭን ሲል ጥያቄው ወደ እርስዎ ይመጣል።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህን የመጨረሻውን ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው በነበረበት ወቅት እገዳን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን የተባለ መተግበሪያ የለመደው አዋቂ ብቻ አልነበረም። ቪፒኤን ከተጫነ ደግሞ ቀጥሎ የምነግርዎ የራውተር ማጣሪያ ከንቱ ነው። መተግበሪያ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደርም ከልጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ ካልታወቀ ምንጭ መጫን መከልከሉን ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ራውተሩ። ሥሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የመግቢያ አድራሻውንና ይለፍ ቃሉን ያገኛሉ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝተው ክሮም ላይ ይጻፉት። ዲኤችሲፒ (DHCP) በሚለው ክፍል ውስጥ ሁለት የዲኤንኤስ (DNS) ቦታዎች አሉ፤ ዲኤንኤስ የገጽን ስም ተቀብሎ የቁጥር አድራሻውን የሚነግር አገልግሎት ነው። በአንደኛው 1.1.1.3፣ በሁለተኛው 1.0.0.3 ይጻፉ። ይህ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነጻ የቤተሰብ ማጣሪያ ነው፤ ስልኩ የአንድን ብልግና ገጽ አድራሻ ሲጠይቅ መልስ ይነፍገዋል። ሁለተኛውን ቦታ ለመጠባበቂያ ብለው ብልግናን በማያጣራው የጉግል ዲኤንኤስ፣ በ8.8.8.8፣ የሚሞሉ ባለሙያዎች አሉ። አይስሟቸው፤ ስልኩ ከሁለቱ አንዱን ሊጠይቅ ስለሚችል ማጣሪያው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፣ እርስዎም ምክንያቱ አይገባዎትም። ሲጨርሱ የራውተሩን መግቢያ ይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ወረቀቱን የ13 ዓመቷም ማንበብ ትችላለች።

ይህ ሁሉ ግን ቴሌግራምን አይነካም። ማጣሪያው የሚያየው የገጽ ስም ነው፤ የቴሌግራም ቪዲዮ ደግሞ ከየትኛውም ቻናል ቢመጣ የሚወርደው ከራሱ ከቴሌግራም ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ መርጦ የሚዘጋ ራውተር የለም። የልጅዎ ቪዲዮም በዚህ በኩል ሳይመጣ አልቀረም፤ በተለይ የእርስዎ ቴሌግራም ስልኩ ላይ ቀርቶ ከሆነ። የ9 ዓመት ልጅ ቴሌግራም አያስፈልገውም። መምህራን የቤት ሥራ በቡድን የሚልኩ ከሆነ ቡድኑ በእርስዎ ስልክ ላይ ይሁን። ለታላቋ፣ የግላዊነት ክፍል ውስጥ ገብተው ወደ ቡድንና ቻናል ሊያስገቧት የሚችሉት የምታውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ያስተካክሉ፤ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድም ያጥፉት። ይህን እሷ እያየች ያድርጉት፤ ተደብቀው ካስተካከሉት መልሳ ትከፍተዋለች።

የራውተሩ ማጣሪያ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ስለሆነ የታናሹን ሲም ካርድ ያውጡት።

ውጤቱን ለማየት ልጆቹ ሲተኙ በራስዎ ስልክ፣ ዳታ አጥፍተው በዋይፋይ ይሞክሩት፤ ከመሞከርዎ በፊት ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩት፣ አለዚያ ስልክዎ የድሮውን የዲኤንኤስ አድራሻ እንደያዘ ነው። መስመር ሊጠግን የመጣ ሰው ራውተሩን እንደ አዲስ ካስተካከለው እነዚያ ቁጥሮች ይጠፋሉ፤ እሱ ሳይሄድ ገብተው ይመልከቱ።