ባሌ ልጃችንን «የጠንቋይ መጽሐፍ አታንብብ» አለው

ጥያቄ፦ ጅማ ነው የምንኖረው፤ ጴንጤዎች ነን። የ13 ዓመት ልጄ ሃሪ ፖተር የሚባለውን ስለ ጠንቋይ ልጅ የሚተርክ ልብ ወለድ ከቴሌግራም አውርዶ ሲያነብ አባቱ አየውና «ቤቴ ጥንቆላ አይገባም» ብሎ ስልኩን ወሰደበት። እኔ አሳዘነኝና ማታ ማታ ተደብቀን በስልኬ አስነብበዋለሁ። አጥፍቻለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንበቡ አያስጨንቀኝም። መደበቁ ግን በጣም ያስጨንቀኛል።

ከባልሽ ልጀምር። እኛ አገር ጥንቆላ ተረት ብቻ አይደለም፤ «መተት አሠራችብኝ» ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት የሚቆራረጥበት፣ ሰው ያለ የሌለ ገንዘቡን ጠንቋይ ቤት የሚያፈስበት ነገር ነው። ዘዳግም 18ም በግልጽ ይከለክለዋል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1997 እንግሊዝ ከታተመ በኋላ አሜሪካ ውስጥም ክርስቲያን ወላጆች ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይውጣልን ብለው ነበር። ባልሽ ብቻውን አይደለም።

ግን ስለ ጠንቋይ ማንበብ ሌላ፣ ጠንቋይ ቤት መሄድ ሌላ። ሳኦል ዓይንዶር ሄዶ መናፍስት ጠሪ መጠየቁም እኮ 1ኛ ሳሙኤል 28 ላይ ተጽፏል። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውንስ ስንቶቻችን ሰምተን አደግን? (እኔን የሚያስፈራኝ እንደውም እሱ ነው፤ ጎረቤት ላይ ጣት ያስቀስራል።) የ13 ዓመት ልጅ ተረትን ከእውነት ይለያል። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍሽልኝም።

አሁን ወዳንቺ። ልጅሽ በየማታው የሚማረው አባትን መሸወድ እንደሚቻል፣ እናትም እንደምታግዝ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ልጅ ካባቱ የሚደብቀው መጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ጫቱ በየደጃፉ ነው። ያኔ ምን ልትዪው ነው?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ከልጁ ከሚሰማ አንቺው ለባልሽ ንገሪው። ይቆጣል፤ ይቆጣ። ሲበርድለት ቡና አፍልተሽ ልጁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በአማርኛ ያውራላችሁ፤ አባትየው የሚያሰጋውን ይጠይቅ፣ ልጁ ይመልስ። ካልተዋጠለት ናርኒያ የሚባሉትን የልጆች ልብ ወለዶች ሞክሩ። ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ስለ ክርስትና ብዙ የጻፈ አማኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የመጀመሪያው የናርኒያ መጽሐፍ ጠንቋይ አለች፣ በከዳ ልጅ ፋንታ ሞቶ የሚነሣ አንበሳም አለ። የአንበሳውን ነገር ለባልሽ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም።

አሁንም አይሆንም ካለ፣ በቃ ለጊዜው አይሆንም። ግን ምክንያቱን ራሱ ለልጁ ቁጭ ብሎ ይንገረው፣ አንቺም አብረሽ ተቀመጪ። ስልኩንም ይመልስለት።