ስልኩ ላይ ፏ ያለው ዋይፋይ ቲቪው ጋ ሲደርስ ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ራውተራችን ያለው በር አጠገብ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቲቪው ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ መኝታ ቤት ነው፣ መሀላቸው ሁለት ግድግዳ አለ። ፊልም የምናየው ቲቪው ጀርባ በምትሰካው ስቲክ ነው። አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬ ምንም አይልም፤ ፊልም ስንከፍት ግን በየአምስት ደቂቃው ያቺ ክብ እየተሽከረከረች ታስጠብቀናለች። ባለቤቴ የኢንተርኔት ፓኬጁን እናሳድገው ትላለች፣ እኔ ሪፒተር (የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያስተላልፍ ዕቃ) እንግዛ እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለታችሁም ገንዘባችሁን ያዙ። መጀመሪያ ስልክህን ይዘህ ራውተሩ አጠገብ ቁምና ፍጥነቱን ለካ። ቀጥለህ ስልኩን ስቲኳ ወዳለችበት፣ ቲቪው ጀርባ አስጠግተህ ድገመው። አልጋው ላይ የሚለካው አይጠቅምህም፣ ፊልሙን የምትቀበለው አልጋው አይደለችማ! ኔትፍሊክስ ለፉል ኤችዲ 5፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃል ይላል። ስለዚህ ራውተሩ ጋ 40 አሳይቶ ቲቪው ጀርባ 3 ወይም 4 ካሳየህ፣ ፓኬጁን እጥፍ ብታደርገው እንኳ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

እኔ ግን ከሁሉም በፊት የምጠረጥረው ስቲኳን ነው። የብዙ ቲቪዎች ጀርባ ከፕላስቲኩ ስር ብረት ነው፤ ስቲኳ ደግሞ አንቴናዋ ትንሽዬ ሆና እዚያ ብረትና ግድግዳ መሀል ተወሽቃ፣ በዚያ ላይ በሙቀት እየተቀቀለች ነው የምትሠራው። ስትገዛት ካርቶኑ ውስጥ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ሳይኖር አይቀርም፤ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ስለማያውቀው መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። እሱን ፈልገህ ሰካና ስቲኳን ከቲቪው ጠርዝ ትንሽ ብቅ አድርጋት። አንዳንዴ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ካላበቃ ራውተሩን ከቁም ሳጥኑ አውጣው። ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ ከተቻለ ኮሪደሩን እንዲያይ። መስታወት፣ ፍሪጅና የዓሣ ገንዳ አጠገብ አይሁን፤ ብረትና መስታወት ሲግናሉን ይመልሱታል፣ ውሃ ይውጠዋል። የውጭ አንቴና ካለው ጫፉን ወደ ቲቪው አታነጣጥር፤ ሲግናል የሚወጣው ከጫፉ ሳይሆን ከጎንና ጎኑ ዙሪያውን ነው። ቲቪው እዚያው ፎቅ ላይ ከሆነ ቀጥ አድርገህ አቁመው።

ራውተርህ ሁለት ባንድ (ዋይፋዩ የሚሄድባቸው 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ የሞገድ ክልሎች) ካለው ደግሞ ስማቸውን ለያይና ሁለቱንም ሞክር። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። 2.4 ግድግዳ ያልፋል፣ ችግሩ ጎረቤት ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ ማይክሮዌቭም እዚያው አካባቢ ይረብሻል (እራት ሲሞቅ ብቻ ፊልሙ ከቆመ ሌባውን አገኘኸው)። በ2.4 የምትቆይ ከሆነ ቻናሉን (ባንዱ የተከፋፈለበትን ቁጥር) ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱ ላይ አድርገው፣ እርስ በርስ የማይነካኩት እነሱ ናቸውና።

አሁን ወደ ሪፒተርህ። ሪፒተር የሚያስተላልፈው የደረሰውን ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ገዝቼ ቲቪው ጎን ሰክቼ፣ አምስቱም የሲግናል መስመር ሞልቶ እያየሁ ፊልሙ ግን እንደበፊቱ ሲንቀረፈፍ ሳምንት ሙሉ ስሳደብ ነው የቆየሁት። መስመሮቹ የሚያሳዩት ቲቪው ከሪፒተሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው፤ ሪፒተሩ ራሱ ከራውተሩ ምን ያህል እንዳገኘ አይነግሩህም። የምትገዛ ከሆነ መሀል መንገድ ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ሰካው። ባለ አንድ ባንዱን ተወው፣ በአንድ ቻናል እየተቀበለ እየላከ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቆርጠዋል።

ኮሪደሩን ተከትሎ ኬብል መዘርጋት ከቻልክ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገላለህ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። የብዙ ቲቪዎች የኬብል መሰኪያ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም ሲባል ሰምተህ አትደንግጥ፣ ለ4ኬ 15 ነበር ያልነው። ስቲኳ ለኬብል የራሷ አስማሚ ትፈልጋለች፤ ቲቪው ስማርት ከሆነ ቀጥታ እሱ ላይ ሰካውና በቲቪው አፕ እዩ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ራውተሩ አጠገብ ቆመህም የምታየው 3 እና 4 ከሆነ ልክ እሷ ናት። ሪፒተሩን እርሳው።