ቅዝቃዜ የሚመስለው ሁሉ ቅዝቃዜ አይደለም፦ ወደ ጀርመን ለምትሄዱ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በጀርመን አገር በግንባታ ምህንድስና ሙያ ረጅም ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ። ለከፍተኛ ትምህርት፣ ለነርስነት ሥልጠና ወይም ለሥራ ከአገር ቤት የሚመጡ ወጣቶችን በየጊዜው አገኛለሁ፤ ጥቂት ወራት ከቆዩ በኋላ የሚነግሩኝም ቅሬታ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ሰዉ ቀዝቃዛ ነው» ይሉኛል። ስሜታቸው ይገባኛል። ከቤተሰቡ ደኅንነት እስከ ከብቱ ድረስ ተጠያይቆ በሚተላለፍ ሕዝብ መካከል ያደገ ሰው፣ በደረጃው ላይ ሰላምታ ብቻ ወርውሮ የሚያልፍ ጎረቤት ቢያስከፋው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በዚያ አገር አክብሮት የሚገለጠው ከቃል ብዛት ይልቅ የሌላውን ጊዜ፣ ጸጥታና ውሳኔ ባለመድፈር መሆኑን አስቀድሞ የተረዳ ወጣት ከብዙ ከንቱ ሐዘን ይድናል።

ጊዜን በተመለከተ በቅድሚያ የሰዓት አቆጣጠሩን ልመዱ። በቀጠሮ ደብዳቤ ላይ 9 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በዚህ ብቻ የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ ያመለጣቸው ልጆች አሉ። ወዳጅነትም ቢሆን በቀጠሮ ይሄዳል። አንድ የሥራ ባልደረባችሁ ቡና ለመጠጣት ስትጠይቁት የቀን መቁጠሪያውን አይቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን ቅዳሜ ቢሰጣችሁ መሸሹ አይደለም። ያን ቅዳሜ ለእናንተ ብሎ ይይዘዋል፤ በተባለውም ደቂቃ ይገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ አጥብቄም ልነግራችሁ የምፈልገው፣ የ«አዎ» እና የ«አይደለም» ነገር ነው። እኛ በይሉኝታ ያደግን ነን። ለአለቃ ወይም ለታላቅ ሰው «አልገባኝም» ማለት ያሳፍረናል፤ የሰውን ስህተትም ፊት ለፊት ከመናገር በሰምና ወርቅ ማለፍን እንመርጣለን። ይህ ጸባይ በቦታው ውበት አለው። በግንባታ ቦታ ላይ ግን ያልገባውን መመሪያ «እሺ» ብሎ የተቀበለ ባለሙያ ብረቱን ያለ ልኩ ያስቀምጣል፤ በሆስፒታልም እንዲሁ ያደረገች ሠልጣኝ የመድኃኒቱን መጠን ልትሳሳት ትችላለች። ጀርመናዊ አለቃ «ገባሽ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነተኛውን መልስ ይፈልጋል፤ ደግማ የጠየቀችውንም ጠንቃቃ ናት ብሎ ይመዘግብላታል። በስብሰባ ላይ «ይህ ስሌት ትክክል አይደለም» ተብሎ በሰው ፊት ሲነገራችሁም፣ የተነቀፈው ስሌቱ ብቻ መሆኑን ያዙ። ያው የነቀፋችሁ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ አብራችሁት እንድትበሉ ቢጋብዛችሁ አትደነቁ፤ በእሱ ዘንድ ነገሩ በስብሰባው አልቋል። ይህን ነቀፌታ ቂም አድርገው ይዘው ጥሩ ሥራ የለቀቁ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬም ያሳዝነኛል።

በማዕድ ላይም ይኸው ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ባለቤቱም «በሞቴ» እያለ ይለምናል። እዚያ ግን አንድ ጊዜ «አልፈልግም» ካላችሁ ቃላችሁ ተከብሮ ምግቡ ይነሣል፤ ስለዚህ ከራባችሁ ብሉ። ምግብ ቤት ስትሄዱም አስተናጋጁ ሒሳቡ በአንድ ላይ ይሁን ወይስ ለየብቻ ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ሊከፍልላችሁ ያሰበ ሰው አስቀድሞ በግልጽ ይናገራል።

የእሑድን ጸጥታ አክብሩ። እሑድንና የበዓል ቀናትን የዕረፍት ቀን አድርጎ የሚጠብቀው ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣው በቀድሞው የጀርመን ሕገ መንግሥት፣ የቫይማር ሕገ መንግሥት በሚባለው ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የአሁኑ ሕገ መንግሥት፣ «መሠረታዊ ሕግ» የሚባለውም፣ በአንቀጽ 140 ተቀብሎት እስከ ዛሬ ጸንቷል። በዚያ ቀን አብዛኞቹ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ግድግዳ መብሳትና ሣር በማሽን ማጨድም አይፈቀድም። በሌላውም ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ መቀነስ ይጠበቅባችኋል። ይህ ማለት ግን እንቁጣጣሽን ሳታከብሩ ትቀራላችሁ ማለት አይደለም። ከጥቂት ቀናት በፊት በመግቢያው ግድግዳ ላይ «በዚህ ቀን በዓል ስላለን ድምፅ ሊኖር ይችላል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ወረቀት ለጥፉ፤ የአገሩም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጎረቤቶቻችሁን ለቡና ብትጠሯቸው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ እንደሚወስድ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ መስኮት መክፈትን አትርሱ፤ በየመኖሪያ ቤቱ በሕግ ግዴታ የሆነው የጭስ ማስጠንቀቂያ ሊጮህ ይችላልና።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፦ አዲስ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን አስመዝግቡ፤ የስማችሁም ፊደል በፓስፖርት፣ በልደት ማስረጃና በትምህርት ማስረጃ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከአገር ሳትወጡ አረጋግጡ። የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ፣ በአባታችሁ ስም ስትጠሩ አቤት ማለትን ልመዱ።

በመጨረሻ ስለ ሐዘን ልናገር፤ በስደት ካየሁት ሁሉ የሚከብደው እሱ ነውና። መርዶ ደርሷቸው በማግስቱ ምንም ሳይናገሩ ሥራ የገቡ፣ ባልደረቦቻቸው ሳያጽናኗቸው ሲቀሩም ልባቸው የተሰበረ ወጣቶች አይቻለሁ። ባልደረቦቻቸው ግን አያውቁም ነበር፤ ቢያውቁም ሳይጠሩ የሐዘንተኛን ቤት ማንኳኳት በእነሱ ዘንድ ድፍረት ነው። ብዙዎች ተሰብስበው የሚፈርሙበትን የሐዘን መግለጫ ካርድ ይልካሉ፤ ያን ካርድ ከልብ የመጣ አድርጋችሁ ተቀበሉት። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣባችሁ አለቃችሁን ወዲያውኑ ንገሩት፣ ፈቃድም ጠይቁ። በአቅራቢያችሁ ያሉ የአገራችሁ ሰዎችም ለቅሶ መድረስ እንዲችሉ ወሬውን አትደብቁ። ከጀርመናውያን ወዳጆቻችሁ መካከል አብሯችሁ እንዲቀመጥ የምትፈልጉት ካለ ደግሞ «ዛሬ ማታ ብቻዬን መሆን አልችልም፣ እባክህ ና» በሉት። ሳይጠራ የማይመጣው ሰው ሲጠራ ሥራውን ጥሎ ሲመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።