መልስ፦ ሁለቱም ቻርልስ ደርኒንግ ነው

«ዘ ስቲንግ» እና «ቱትሲ» በተባሉት የአሜሪካ ፊልሞች ላይ ያየሁት ተዋናይ አንድ ሰው ነው ወይ፣ የሠራቸውን ቲያትሮችስ ለምን አላገኘኋቸውም ብለህ ነበር። አዎ፣ አንድ ሰው ነው። «ዘ ስቲንግ» ላይ ሮበርት ሬድፎርድን የሚያሳድደው ጉቦኛ ፖሊስም፣ «ቱትሲ» ላይ እንደ ሴት የለበሰውን ደስቲን ሆፍማንን ቀለበት ይዞ «ላግባሽ» የሚለውም አሜሪካዊው ተዋናይ ቻርልስ ደርኒንግ ነው።

ቲያትሮቹን ያጣኸው የፊልም ዝርዝር ውስጥ ስለፈለግክ ነው። የብሮድዌይን (የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶችን) መዝገብ ለብቻው ክፈትና ስሙን እዚያ ፈልግ። ልፋቱ አያስቆጭህም፤ ሰውዬውን የሠራው መድረክ ነው። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቲያትር ፕሮዲውሰሩ ጆሴፍ ፓፕ የኒውዮርክ ሼክስፒር ፌስቲቫል ብዙ ተውኗል። በ1972 «ዛት ቻምፒየንሺፕ ሲዝን» በተባለው ቲያትር ከንቲባ ሆኖ ሲጫወት አይቶ ለ«ዘ ስቲንግ» የወሰደው ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮይ ሂል ነው። ያኔ ደርኒንግ ወደ 50 እየተጠጋ ነበር።

ጊዜ ካለህ «ዶግ ዴይ አፍተርኑን»ን (1975) እይ። ፖሊስ ሆኖ ባንኩ ደጃፍ ቆሞ ከዘራፊው ከአል ፓቺኖ ጋር ይደራደራል፤ ዞር ብሎ ደግሞ የራሱን ፖሊሶች መሣሪያ ዝቅ አድርጉ እያለ ይጮኻል። ላብ በላብ ሆኖ! ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ለኦስካር ሁለቴ የታጨው ግን በሌሎች ፊልሞች ነው፤ አንዱንም አልወሰደም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በ1990 ቶኒ የተባለውን የብሮድዌይ ቲያትር ሽልማት ያገኘው «ካት ኦን ኤ ሆት ቲን ሩፍ» በተባለው ቲያትር ላይ ቢግ ዳዲ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ በዚያው ስም የተሠራውን ፊልም ያወርድና «ታዲያ የታለ?» ይላል። የ1958ቱ ፊልም ላይ ቢግ ዳዲን የሚጫወተው በርል አይቭስ ነው። ደርኒንግ የሠራው መድረክ ላይ ነው።