ከግድብ እስከ ጎማ፦ ሃይድሮጂን ወይስ ባትሪ?

ሰላም ለቡድኑ አባላት። ወንድማችን ያቀረቡት ጥያቄ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ ይህን ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ካለን ከባትሪ መኪና ይልቅ የሃይድሮጂን መኪና አይሻለንም ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ዘመዳቸው በርካሽ ያገኙትን ያገለገለ ቶዮታ ሚራይ የተባለ የሃይድሮጂን መኪና ወደ አዲስ አበባ ቢያስጭኑ ያዋጣ እንደሆነ ነው። እኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሚራይ በሊዝ ወስጄ ስሠራበት ቆይቼ፣ ውሉ ሲያበቃ ወደ ባትሪ መኪና የዞርኩ፣ በሁለቱም ተሳፋሪ እያመላለስኩ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልጻፍ።

ሲጀመር ሚራይም የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን፣ ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰውን ኃይል የምታጠራቅም አነስተኛ ባትሪም አለችው። ልዩነቱ የባትሪ መኪና ከግድግዳ የተቀበለውን ኤሌክትሪክ ይዞ ሲሄድ፣ ሚራይ ግን በታንክ የተሸከመውን ሃይድሮጂን ፊውል ሴል በሚባለው ክፍል ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋሕዶ፣ እየሄደ የራሱን ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ ነው። እንግዲህ እርስዎ ባሉት መንገድ ብንሄድ ከግድቡ የወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ጋዙ ደግሞ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ለውጥም የሚባክን ኃይል አለ።

የብክነቱ መጠን ይኸውና። በአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ውስጥ ያለው ጠቃሚ ኃይል 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያንን አንድ ኪሎ በኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በውኃ ውስጥ በማሳለፍ፣ ከውኃ ለይቶ ለማውጣት ግን ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ጋዙ እጅግ ቀላል ስለሆነ በመኪና ታንክ ውስጥ እንዲበቃ በ700 ባር (ከከባቢ አየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ) ግፊት መታመቅ አለበት፤ ሲሞላም ታንኩን እንዳያግለው ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ይህም የራሱን ኤሌክትሪክ ይበላል። የማጓጓዣውን ወጪ ትተን፣ አንድ ኪሎ ታንክ ውስጥ እስኪገባ 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ወጣ እንበል። ከዚያም ፊውል ሴሉ ከ33ቱ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ግማሹን ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ በራዲያተሩ በኩል ይወጣል።

የ2021 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ሚራይ 5.6 ኪሎ ሞልቶ 402 ማይል እንደሚሄድ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ተመዝግቧል፤ ይህም በኪሎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በሀይዌይና በከተማ መጨናነቅ መካከል ስነዳው ወደ 100 የቀረበ ነበር። ያንኑ 60 ኪሎዋት ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ለሚታየው የቮልስዋገን ባትሪ መኪና፣ ለአይዲ ፎር፣ ብንሰጠው፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው አንድ አሥረኛ ያህል ተቀንሶለት እንኳ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። በእኩል መጠን ኤሌክትሪክ አንዱ ከአዲስ አበባ አዳማ ሲደርስ ሌላው ሐዋሳ ይገባል ማለት ነው። ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕረሰርም ሆነ ፊውል ሴሉ ገና ይሻሻላሉ፤ ሆኖም ይህ የሦስት እጥፍ ልዩነት በመሣሪያ ጥራት ብቻ የሚዘጋ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ረጅም ነው።

የሃይድሮጂን ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት በአምስት ደቂቃ መሞላቱን ነው። ማደያው ሲሠራና ከፊት ሰው ሳይኖር እውነት ነው፤ እኔም ወድጄው ነበር። ነገር ግን ሁለት ሦስት መኪና ተከታትሎ ከሞላ በኋላ የማደያው ኮምፕረሰር ግፊቱን እንደገና እስኪያነሳ መጠበቅ ግድ ይላል፤ ሳይጠብቅ የሞላ ሰው ግማሽ ታንክ ይዞ ይሄዳል። የቀዘቀዘው ጋዝ የአየሩን እርጥበት ወደ በረዶ ስለሚለውጠው የመሙያው ጫፍ ከመኪናው አፍ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ የሚልበት ጊዜም አለ፤ በረዶው እስኪቀልጥ ቆሞ ከመጠበቅ ሌላ መላ የለውም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ይህ ሁሉ ኮምፕረሰርና ማቀዝቀዣ ያለ ኤሌክትሪክ እንደማይንቀሳቀስ መታሰብ አለበት። የባትሪ መኪና ባለቤት ሌሊት መብራት በመጣበት ሰዓት ቤቱ ይሞላል።

ባትሪ ከባድ ነው የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ ሚራይ ራሱ ከ1,900 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያንን ግፊት የሚችሉት ወፍራም ታንኮች ቀላል አይደሉም። ውኃም ችግር አይደለም፤ ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን በስሌት ዘጠኝ ሊትር ያህል ብቻ ነው የሚገባው። በብርድ አገር ግን ፊውል ሴሉ የሚያባክነው ሙቀት መኪናውን ለማሞቅ ይውላል፤ የባትሪው መኪና ለዚሁ ከባትሪው ይከፍላል። ይህንን መካድ አይገባም።

ስለ ዋጋ፣ እዚህ አዲስ ሚራይ የወሰደ ሰው የ15,000 ዶላር የነዳጅ ካርድ አብሮ ይሰጠው ስለነበር ብዙዎቻችን የጋዙን ዋጋ ልብ አላልነውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከዓመታት በፊት በኪሎ 13 ዶላር ገደማ የነበረው ሃይድሮጂን በኋላ በብዙ ማደያዎች 36 ዶላር ደረሰ፤ ሙሉ ታንክ ከ200 ዶላር አለፈ ማለት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሼል በግዛቱ የነበሩትን የቤት መኪና የሃይድሮጂን ማደያዎቹን ዘጋ። ታንኩ ረጅም ርቀት ቢያስኬድም ማደያው ከሌለ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የሚመረተው ሃይድሮጂን አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚገኝ የጭስ ማውጫው ውኃ ብቻ መትፋቱ ንጽሕናውን አያረጋግጥም።

ይህን ስል ሃይድሮጂን ለአገራችን አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ግብፅ አስዋን ላይ ኪማ የተባለው ፋብሪካ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በዓባይ ውኃ ኃይል ሃይድሮጂን እያወጣ ማዳበሪያ ሲያመርት ነበር። ማዳበሪያ ለመሥራት ሃይድሮጂኑ ራሱ ያስፈልጋል፤ ባትሪ ሊተካው አይችልም። በየዓመቱ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር የግድቡን ኃይል ለሃይድሮጂን ማዋል ካለብን ቦታው እዚያ ነው እንጂ የቤት መኪና ታንክ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመለስ፣ መኪናውን አያስጭኑ። ያገለገለ ሚራይ እዚህ በርካሽ የሚሸጠው የሚሞላበት ቦታ ስለጠፋ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ 700 ባር የሚሞላ ማደያ የለም፤ ከቤት ግድግዳ ሰክቶ ቻርጅ ማድረግም አይቻልም። ዘመድዎ ለራሳቸው ሊነዱት ቢያስቡ እንኳ የመሙያውን ክዳን ከፍተው ከውስጥ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ታንኮቹ ከዚያ በኋላ መሞላት የሌለባቸው ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል።